በሙዚየም በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»

ባለፈው ሰኔ ቢሯችንን ዘጋን። ሀይሌ ጋርመንት፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ የነበረችው የጉዞ ወኪላችን ታፔላ ወርዳ በቦታዋ የጥፍር ማሳመሪያ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። የሚያገኘኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። «አይዞህ ጌታሁን፣ ስልክ ነው የጨረሳችሁ» ይለኛል። እኔም እንዳዘነ ሰው አንገቴን ደፋ አደርግለታለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሊያጽናናህ ከተዘጋጀ በኋላ ደህና ነኝ ማለት ነውር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኛል። በሙያዬ ዘመን ሁሉ ሰዎች ትንሽ ትዕግስት ቢኖራቸው ራሳቸው የሚሠሩትን ሥራ ሠርቼላቸው አሳልፌያለሁ። አሁን ራሳቸው እየሠሩት ነው። ይህ ምን ያሳዝናል?

የአውሮፕላን ትኬት ማንም ይሸጣል። የእኔ ልዩ ሙያ ሙዚየም ነበር። ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ዕቃ ሊገዛ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ አንድ ባዶ ጠዋት ይተርፈዋል። በዚያች ጠዋት ስሙን ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ትልቅ ሙዚየም ማየት ያምረዋል፤ ባያምረው እንኳ ሲመለስ «አየኸው ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ዘመዶች አሉት። ሰውየው የሚያስበው እንደ ፒያሳ ሱቅ በሩ ላይ ሄዶ፣ ከፍሎ መግባት ነው። ትኬቱ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም እንዳለው፣ ከብዙ ቀን በፊት ተሸጦ እንደሚያልቅ፣ ያረፈደውንም በሩ እንደማያውቀው የማስረዳው እኔ ነበርኩ።

«ቀጠሮ? ሥዕሉ ነው ቀጠሮ የሚሰጠኝ?» ይላል ደንበኛው።

«በሩ ነው የሚሰጥዎት።»

«ሥዕሉ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«እሱ አይሄድም፤ ሰዉ ነው የሚመጣው።»

ሰዉ! ስለ ጉዞ የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። ጸሐፊዎቹ በሙሉ በየሄዱበት ስለሚያጋጥማቸው የሰው ብዛት ያማርራሉ። ሲቆጥሩ ግን ራሳቸውን የጨመረ አንድም አላየሁም። እያንዳንዱ ጎብኚ እሱ ብቻ ጎብኚ፣ ሌላው ግርግር ነው። የእኔም እንጀራ ከዚህ ከንቱነት ላይ የተቆረሰ ስለነበር ብዙ አላማርርም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የጉዞ ወኪሉን ከመክፈታቸው በፊት ለረጅም ዘመን የሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭ ነበሩ። ከዚያች በብረት ከታጠረች መስኮት ጀርባ ሆነው ሕዝብን ያጠኑትን ያህል ዩኒቨርሲቲ ያጠናው አይመስለኝም። ፊልም ግን አያዩም ነበር። ሒሳብ ዘግተው ወደ አዳራሹ የሚገቡት ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ስለሆነ የዘመናቸውን ፊልሞች ሁሉ የሚያውቁት ከመጨረሻቸው ነው። «ልጅቷ ባቡሩ ላይ ወጣች» ይሉሃል። ለምን እንደወጣች አያውቁም፤ ግድም አልነበራቸውም።

በሁለቱም እጃቸው ሰዓት ያስሩ ነበር። የግራው የእኛ፣ የቀኙ የፈረንጅ። ሰዓት በጭንቅላቱ የሚቀንስ ሠራተኛ ሲያዩ ያማቸዋል። የሙዚየም ትኬት ፈልጎ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት መቼ መሄድ እንደሚፈልግ አልነበረም።

«ስንት ሰዓት ላይ ይርብሃል?» ነው የሚሉት።

ሰውየው ግራ ይጋባል። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። የራበው ሰው ሥዕል አያይም፤ መውጫ ነው የሚያየው። ሌላው ሁሉ ሲርበው የማይርበው ሰው ከተገኘ ደግሞ እሱን በምሳ ሰዓት አስገብተው ትልቁን አዳራሽ ያስረክቡታል። ሙዚየሙ ካረፈበት ቀን ማግሥት አይሸጡም፤ ትናንት በር የተዘጋበት ሁሉ በማግሥቱ ይመጣል። ዝናብ በሚዘንብበት ወር ከሰዓት በኋላ አይሸጡም፤ ጃንጥላ የሌለው ሁሉ በዚያ ሰዓት ጥበብ ወዳድ ይሆናል። በነጻ የሚገባበትን ቀንማ ስሙን እንኳ አያነሱትም። ከገባህ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ዝነኛው ሥዕል ሲሮጥ አንተ ወደ መጨረሻው ክፍል ሄደህ ወደ ኋላ እያየህ ትመለሳለህ። ይህን ሁሉ ያወቁት ከዚህች ከተማ ሳይወጡ ነው። እኔም እንደዚያው። የሙዚየሙን ካርታ ግድግዳችን ላይ ለጥፈነው ስለነበር ደረጃዎቹን፣ ዕቃ ማስቀመጫውን፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር እንደ ቤቴ ጓዳ አውቃቸው ነበር። እግሬ ግን አልረገጠውም።

ከብስራተ ገብርኤል ወደ ጎፋ ቅርንጫፍ፣ ከጎፋ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው የሚታወቅ ነው። ጋሽ ተካልኝ ጡረታ ሲወጡ የወንድማቸው ልጅ ሳምሶን አለቃ ሆነብኝ። ሳምሶን ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ከሁለት ቃል አንዱ «ታርጌት» የሆነ ልጅ ነበር። «ጌቾ፣ ሙዚየም አያዋጣም፤ ዱባይ ሽጥ፣ ሞል ሽጥ» ይለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። እሱን የምወቅሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከቢሯችን ሥር ሦስት ጎረቤቶች ነበሩን። ሐጂ ሸምሱ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እትዬ ዘነበች ከሐጂ ሱቅ አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው፤ ከሦስቱም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። አቶ ጴጥሮስ ከወላይታ የመጡ ጴንጤ አናጺ ናቸው፤ በሥራ ላይ መዝሙር የሚዘምሩት በመጋዙ ምት ነው፣ መጋዙ ሲቆም እሳቸውም ያቆማሉ። የሐጂ የእህታቸው ልጅ አንዋር በሦስቱ መካከል አድጎ፣ ሙዚየሙ ያለበት ከተማ ገብቶ ሥራ ያዘ። እዚያው የኛኑ አገር ልጅ ወደደ። የልጅቷ አባት ግን አገር ቤትን ከለቀቁ ጀምሮ አገር ቤት ራሱ የረሳውን ደንብ ሁሉ አጥብቀው የያዙ ሰው ነበሩ። «ሽማግሌ ሳይመጣ አንድ ቃል አልሰማም» አሉ። የስልክ ሽማግሌም አልቀበልም አሉ።

ሐጂ ሸምሱ ሁለቱን ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ለመሄድ ወሰኑ። ሴት ደግሞ እንዴት ሽማግሌ ትሆናለች ብሎ ያጉረመረመ ዘመድ ነበር። ሐጂ፣ «የልጁን ዩኒፎርም በየዓመቱ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በላይ ልኩን የሚያውቅ ማን ነው?» ብለው ዘጉት። ኤርፖርት ለሚባል ነገር እምነት ስላልነበራቸው እኔንም መንገድ መሪ አድርገው ጨመሩኝ። ቪዛው ያስከተለውን የወረቀት ክምር ለጠላቴም አልመኝም። በዚህ ሁኔታ ነው ሌላውን ሰው ስሸኝ የኖርኩት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈርኩት።

እትዬ ዘነበች የመጡበት ሌላም ጉዳይ ነበራቸው። ስፌት ቤታቸው ውስጥ ክርና መርፌ የሚያስቀምጡበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ክዳኑ ላይ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ሴት ሥዕል አለች። ሴትየዋ ቀኝ እጇን እያየች ትስቃለች። ቆርቆሮው የሚከፈተው ግን ልክ እጇ ካለበት ቦታ ላይ በአውራ ጣት ተጭኖ ስለሆነ በዘመናት ብዛት ቀለሙ ተፍቆ እጇም፣ የያዘችውም ነገር ጠፍቷል። የቀረው የሚያብለጨልጭ ብረት ነው።

«ምን ይዛ ነው እንዲህ የምትስቀው?» ይሉ ነበር እትዬ ዘነበች፣ ቆርቆሮውን በከፈቱ ቁጥር።

በዚህ ጉዳይ ሰፈሩ ተከፋፍሎ ነበር። ሐጂ «ገንዘብ ነው» ይላሉ። አቶ ጴጥሮስ «ጫጩት ናት» ይላሉ። እኔ «ደብዳቤ ነው» እል ነበር፤ ብዙ ማንበብ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። እትዬ ዘነበች ራሳቸው መርፌ መሆኑን አይጠራጠሩም። ሰው እንዲያ አቀርቅሮ የሚስቀው ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ሲገባለት ብቻ ነው ባይ ናቸው። ዋናው ሥዕል ያ እኔ ትኬቱን የምሸጥለት ሙዚየም ውስጥ መሆኑን የነገርኳቸው ዕለት ስልኬን አውጥቼ ላሳያቸው ስል እጄን መቱኝ።

«መልሰው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ጥፍር በምታህል ነገር ልታሳየኝ ነው? እንዳታየውም። አንተም እንዳታይ።»

ሐጂንና አቶ ጴጥሮስንም ጠርተው አስማሉን፤ ሦስታችንም ማልን።

ችግሩ አንድ ነበር። እትዬ ዘነበች ግፊያ አይችሉም። አንድ የበዓል ቀን ግርግር መሐል ተረግጠው ከወጡ ጀምሮ ሰው ሲከባቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሰው ለታክሲ በሚጋፋበት ሰዓት አይሳፈሩም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከውጭ ሆነው ነው የሚያስቀድሱት። ያቺ ሥዕል ደግሞ የሙዚየሙ ዋና ዝነኛ ናት፤ ከፊቷ የማይጠፋው ሕዝብ የሠርግ ድንኳን ይሞላል። ልጅቷ ዘንድ ለሽምግልና የምንቀርብበት ቀን ተቆርጦልናል፤ በማግሥቱ አንድ ቀን አለን፤ ከዚያ መመለሻችን ነው። ስለዚህ በአንዲት ቀን እትዬ ዘነበችን ያለ ግፊያ ሥዕሉ ፊት ማድረስ ነበረብኝ። ሙያዬን በሙሉ ለዚህች ቀን የተማርኩት መሰለኝ።

ከመሄዳችን በፊት ጋሽ ተካልኝን ጎፋ ቤታቸው ሄጄ አማከርኳቸው። ለጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ትኬት መግዛቴን ስነግራቸው ሁለቱንም ሰዓቶቻቸውን አዩ።

«የመጀመሪያው ሰዓት የብልጦች ሰዓት ነው» አሉ። «ብልጥ ደግሞ ብዙ ነው።»

እኔ ግን መረጃ አገላብጬ፣ ጠዋት ይሻላል የሚሉትን ሁሉ አንብቤ ስለነበር አርጅተዋል ብዬ አለፍኳቸው።

ሽምግልናው ሰመረ። ሦስቱም እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» ብለው ሳሎን መሐል ቆሙ። አባትየው ለረጅም ጊዜ የናፈቃቸውን ነገር እንዳገኘ ሰው በደስታ እያዩ አቆዩዋቸው፤ በመጨረሻ «ሰጥተናል፣ ተቀመጡ» አሉ። የአቶ ጴጥሮስ ጉልበት ለመታጠፍ እምቢ ብሎ እኔና አንዋር አግዘን አስቀመጥናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሙዚየሙ አደባባይ ስንደርስ ሰው ከመብዛቱ በፊት ለመግባት የመጣው ሰው አደባባዩን ሞልቶታል። ጋሽ ተካልኝ በዓይኔ መጡብኝ። ቢሆንም ትኬት አለን፤ ተሰለፍን። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በእኔና በአቶ ጴጥሮስ መሐል ገቡ። በሩ የመስታወት ነው። ትኬቱን ለማሽኑ ስታሳየው አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ መስታወቱ ይከፈታል፣ ታልፋለህ፣ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አስረድቻቸዋለሁ። እኔ እንደ እረኛ ከኋላ ሆንኩ። ያ ነው የበደለኝ።

ሐጂ ሸምሱ ትኬታቸውን አሳዩት። አረንጓዴ በራ፤ መስታወቱ ተከፈተ። ሐጂም ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣

«እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ።

«ኧረ በሞቴ ሐጂ፣ እርስዎ እያሉ?»

«ትልቅ አይደሉ እንዴ? ይለፉ።»

«የሽማግሌዎቹ መሪ እርስዎ ነዎት፤ ይግቡ።»

መስታወቱ ተዘጋ። ሐጂ እንደገና ትኬታቸውን አሳዩት፤ ቀይ በራ። አቶ ጴጥሮስ ለመርዳት ቸኩለው የራሳቸውን ትኬት አሳዩ። አረንጓዴ በራ።

«በጌታ፣ ሐጂ፣ በእኔ ይግቡ» አሉ።

«እትዬን ቆመው ትቻቸው?»

ተዘጋ። «ዝም ብላችሁ ግቡ!» አልኩ ከኋላ። እትዬ ዘነበች በጭንቀት ትኬታቸውን አስጠጉ፤ ተከፈተ፤ እሳቸውም ከልማድ የተነሳ ዘወር ብለው «ኧረ ሐጂ…» አሉ። በሦስተኛው ተዘጋ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ሦስት ትኬት ተቃጠለ፤ አንድም ሰው አልገባም።

ጥበቃው አደባባዩ ጥግ ወዳለው የመረጃ ጠረጴዛ ላከን። እዚያ የተቀመጠው ወጣት ትኬቶቹን ኮምፒዩተሩ ላይ አየና በትሕትና ነገረኝ፤ እኔም ተረጎምኩ።

«ገብታችኋል ይላል። በማሽኑ መሠረት ሦስታችሁም ውስጥ ናችሁ።»

ሐጂ አሰቡበት። «ውስጥ ከሆንን ታዲያ እንዴት ነው? ሥዕሏን አይተናታል?» አሉ።

ወጣቱ ማድረግ የሚችለው ነገር እንደሌለ፣ የዕለቱ ትኬት እንዳለቀ ነገረን። የእትዬ ዘነበች ፊት ግርጥት ማለቱን ስላየ ወንበሮች አመለከተን። ሦስቱም አልተቀመጡም። ተያዩ፤ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ኮፍያቸውን እና ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ምን እያደረጉ እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

«ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም በለው» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ይህን አያውቀውም።»

«አባቱ ያውቅ ይሆናል። በለው።»

ነገርኩት። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ መቆም ከመረጡ ችግር የለውም አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ቆሙ። አደባባዩ እየሞላ፣ ሰዉ በትከሻቸው እየታከከ ቆሙ። የእትዬ ዘነበች ትንፋሽ ማጠር ጀመረ፤ ሲያፍኑት ይታየኛል። በመጨረሻ ማንንም ሳያዩ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይመለስ ከተቀመጠ፣ አበቃ ማለት ነው።

«አንተ ትኬትህ አልተነካም» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «ግባ፤ እንዳይቃጠል። ስትወጣ ግን እንዳትነግረኝ።»

አልገባሁም። በሙያዬ ብዙ ሰው አሳዝኛለሁ፤ አውሮፕላን ያመለጠው አለ፣ ሆቴሉ ውሻ የሚበዛበት ሆኖ ያገኘው አለ። እንደዚያች ወንበር ግን የከበደኝ የለም። ሰልፉን፣ ሰዓቱን፣ ወሩን፣ ደረጃውን ሁሉ አስልቼ፣ የራሴን አገር ሰው በር ላይ ምን እንደሚያደርግ አላሰላሁም።

ከሰዉ ራቅ አድርጌ ጥላ ሥር አስቀምጫቸው፣ ለጋሽ ተካልኝ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

«ዛሬ እስከ ማታ ክፍት የሚሆኑበት ቀን ነው አይደል?» አሉ። «የመጨረሻዋን ሰዓት ፈልግ። ሰዉ ያን ጊዜ እራቱን ያስባል። ልጆች የያዘው ሄዷል፣ አስጎብኚ ያለው ሄዷል። ሲኒማ ቤትም እንደዚያ ነው፤ በመጨረሻው ማሳያ የሚመጣው ወንበሩን የሚመርጥ ሰው ነው።»

«ትኬት አልቋል እኮ ጋሼ።»

«የደከመው ይመልሳል። ከምሳ በኋላ ሰው ይደክማል። ስልክህ ላይ አፍጥጥ። ደግሞ ስማ፤ ማን ይቅደም የሚለውን ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። በር ላይ የሚፈታ ነገር አይደለም።»

አፈጠጥኩ። አንዋር ምሳ ጋብዞን እኔ የበላሁትን አላስታውስም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ማን ይቅደም በሚለው ላይ ተቀምጠው ሸመገሉ። የትናንቱ የጋብቻ ጉዳይ ይህን ያህል አልፈጀም። ዕድሜ ተነሣ፣ እምነት ተነሣ፣ እንግድነት ተነሣ። በመጨረሻ አቶ ጴጥሮስ፣ «ሥዕሏ የማን ናት? የእትዬ። የቤቱ ባለቤት ይቅደም፤ እንግዳ ይከተል» አሉ። ሐጂ ይህን ሊያፈርሱት ሞክረው አልቻሉም። በቆርቆሮው ደንብ እትዬ ዘነበች የቤቱ እመቤት ሆኑ።

የተመለሰ ትኬት ብቅ ማለት የጀመረው አቶ ጴጥሮስ ማንቀላፋት ሲጀምሩ ነው። አንድ ያዝኩ። ቆይቶ ሁለት ያዝኩ። አራተኛው አልመጣም። እንዳይመጣ ፈርቼም ነበር መሰለኝ፤ ሐጂ አራተኛ ሰው ካለ «አንተ ቅደም» ማለታቸው አይቀርም።

ማታ፣ የእነሱ ፀሐይ በበጋ መግባት ትረሳለችና በጠራራ ብርሃን፣ ወደ አደባባዩ ተመለስን። ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የጠዋቱ ብልጥ ሁሉ እግሩን ሆቴሉ ውስጥ ሰቅሎ ተኝቷል። እስከ መስታወቱ ሸኘኋቸው። ሐጂ እጃቸው ለግብዣ እንዳይዘረጋ ሁለቱንም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ትኬታቸውን አቶ ጴጥሮስ ከኋላ ሆነው አሳዩላቸው። እትዬ ዘነበች አልፈው ሲሄዱ ወደ ኋላ ላለማየት አንገታቸውን እንደ ወታደር አቅንተው ነበር። ሦስቱም ገቡ።

እኔ ውጭ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ካርታውን በቃሌ ስለማውቀው በሐሳቤ ሸኘኋቸው፤ አሁን ደረጃው፣ አሁን ረጅሙ ኮሪደር፣ አሁን ወደ ግራ። ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም።

ሲወጡ እትዬ ዘነበች ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ነበር። ደንግጬ ተነሣሁ።

«አይ፣ አትፍራ፤ ሳቅ ነው» አሉ አቶ ጴጥሮስ።

በኋላ እንደነገሩኝ ክፍሉ ውስጥ አንድ የሚያዛጋ ጥበቃና ሁለት ተቃቅፈው የቆሙ ልጆች ብቻ ነበሩ። እትዬ ዘነበች ገመዱ እስከሚፈቅደው ተጠግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሐጂ አይተው ሳቁ። አቶ ጴጥሮስ «ሃሌ ሉያ» አሉ። ከአጠገቡ ክፍል ሰዎች ምን ተገኘ ብለው መጡ፤ ሳቁን ሲያዩ እነሱም ምክንያቱን ሳያውቁ ሳቁ። ሌሎች ጨመሩ። ክፍሉ ሞላ። ሰው ሲከባቸው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሴት ራሳቸው በጠሩት ግርግር መሐል ቆመው፣ የማያውቋትን ሴት ክንድ ይዘው ይስቁ ነበር።

«ሰዉ ሥዕሏን ትቶ እትዬን ነው ፎቶ ያነሳው» አሉ ሐጂ።

«ታዲያ ምን ይዛለች?» አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ።

«ማናችንም ገምተን አላገኘነውም» አሉ እትዬ ዘነበች። «ደብዳቤ አይደለም፤ እሱን ልንገርህ።»

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት መሄዳችን ነው፤ በሩም ተዘግቷል። ንገሩኝ እንጂ።»

«ገብተህ ታያለህ። ሥዕሉ የትም አይሄድ።»

ከዚያ ወዲህ ሀይሌ ጋርመንት ደረጃውን በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር «ገና አላየህም?» ይሉኝ ነበር። አቶ ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ሊያመልጣቸው ሲል ሐጂ በክርናቸው ደቁሰዋቸዋል። እኔም ስልኬ ላይ አልፈለግኩም። መሐላውን ያነሳልኝ የለም፤ ደግሞም ሥዕሉ ፊት ሳልቆም መልሱን ማግኘት ፊልምን ከመጨረሻው እንደማወቅ ሆኖ ተሰማኝ፤ ያ የጋሽ ተካልኝ ዕጣ ነው፣ ለእሳቸው ተስማምቷቸዋል።

ቢሯችን የተዘጋ ቀን እትዬ ዘነበች ደረጃውን ወጥተው ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። እሳቸውም ዓይናቸው እየደከመ ስፌቱን ትተዋል። ውስጡ ጥቂት ክርና አንድ የተሰበረ መርፌ አለ። ክዳኑ ላይ ሴትየዋ ያንን የሚያብለጨልጭ ባዶ ብረት እያየች ትስቃለች።

አንዋር ልጅ ወልዶ ጋብዞኛል። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ማህሌት ጎፋ ጋሽ ተካልኝ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኳን አውጥታ የሙዚየሙን ትኬት ልትገዛልኝ ጀመረች። የዕድሜ ልክ ሙያዬን በአንድ አውራ ጣት ስትሠራው አየሁ፤ አሁንም አላዘንኩም።

«አጎቴ፣ ስንት ሰዓት ላድርገው? ጠዋት የመጀመሪያው አለ። ማታ የመጨረሻውም አለ፣ ሰው የለም ይላል።»

ጋሽ ተካልኝ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ስንት ሰዓት ላይ ይርብሃል?» አሉኝ።

«መሐል ቀን አድርጊው» አልኳት።

«እ? ያን ሰዓት እኮ በጣም ይጨናነቃል ይላል።»

«ይጨናነቅ። ከሳቅኩ ብቻዬን አልስቅም።»

ጋሽ ተካልኝ ሁለቱንም ሰዓቶቻቸውን አዩ። ማህሌት ገዛችው።

ለሦስቱም ሽማግሌዎች ሄጄ ነገርኳቸው። መስታወቱ ሲከፈት ወደ ኋላ ሳላይ እንደማልፍም ቃል ገባሁላቸው። እትዬ ዘነበች መረቁኝ። አቶ ጴጥሮስ ጸለዩልኝ። ሐጂ ሸምሱ ግን አላመኑኝም።

«ከኋላህ አንዲት ትልቅ ሴት ብትቆምስ?» አሉኝ።

እያሰብኩበት ነው።